ቦይለር የማያንቀሳቅሳት መርከብ ምኗ ይመረመራል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የባሕር ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። መምህራችን ውቅያኖስ ካቋረጡት የመጀመሪያዎቹ ባለናፍጣ የጭነት መርከቦች አንዷ ስለሆነችው «ሴላንዲያ» ሲነግረን አንድ ነገር ከነከነኝ። በእንፋሎት መርከብ ትልቁ ሥጋት ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ጋን፣ ቦይለሩ ነው። እርሷን ግን ቦይለር አያንቀሳቅሳትም። ታዲያ የመርከቧን ደኅንነት የሚያረጋግጠው መርማሪ ምኗን ያያል? ሥራው አልቀለለለትም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጄ፣ አልቀለለለትም። ሥጋቱ ቦታ ቀየረ እንጂ ከመርከቧ አልወረደም።

ሴላንዲያ ኮፐንሃገን ውስጥ በቡርማይስተርና ቫይን ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ ባንኮክ የተጓዘች መርከብ ናት። ሁለት ሞተር ነበራት፤ እያንዳንዱ ስምንት ሲሊንደርና 1,250 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በደቂቃ 140 ጊዜ የሚዞር። የጭስ ማውጫ ማማ ስለሌላት የሞተሩ ጭስ የሚወጣው በምሰሶዋ በኩል ነበር። ከሰል የሚያቀብል ሰው አያስፈልጋትም ነበር።

እንፋሎት የለመደ መርማሪ እዚህ ሲገባ መጀመሪያ ማየት ያለበት አየሩን ነው። ዛሬ ናፍጣ በፖምፓ ግፊት ይረጫል። ያኔ ግን ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚነፋው ከተራው አየር ግፊት ከ60 እጥፍ በላይ የታመቀ አየር ነበር። ሞተሩን የሚያስነሳውም አየር ነው፣ ግፊቱ ቢያንስም። መርከቧ ወደ ኋላ እንድትሄድ ሞተሩ ራሱ ቆሞ በተቃራኒው መነሳት አለበት፤ ወደብ ውስጥ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስበው። የታመቀው አየር የሚጠራቀምባቸው የብረት ጠርሙሶች ባዶ ከሆኑ መርከቧ ቆማ ቀረች ማለት ነው። ስለዚህ መርማሪው አየር የሚያምቀውን ኮምፕሬሰር አስቁሞ፣ በተሞላው አየር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ይቆጥራል።

የአየር ጣጣ ማለቁ ብቻ አይደለም። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከአየሩ ጋር ሾልኮ በቱቦዎቹ ውስጥ ይጋገራል፤ ሙቀትና ግፊት ሲያገኝ ይፈነዳል። እኔ የማከብረው መርማሪ ቱቦውን አስፈትቶ ጣቱን የሚከት ነው። ጣቱ ጥቁርና የሚያጣብቅ ነገር ይዞ ከወጣ ቱቦው ሁሉ ሳይጸዳ መርከቧ አትንቀሳቀስም። ጠርሙሶቹ ደግሞ ታቹ ላይ በሚጠራቀም ውኃ ከውስጥ ይዝጋሉ። በግፊት የሚፈተኑት በአየር ሳይሆን በውኃ ነው፤ ውኃ የሞላው ዕቃ ቢሰነጠቅ ይፈሳል እንጂ እንደ ቦምብ አይበተንም።

ሁለተኛው የሚታየው ኮሎው ነው፤ የፒስተኖቹን መመላለስ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ። ስምንት ሲሊንደር የሚያዞረው ረጅም ዘንግ ነውና ከሥሩ ሆነው ከሚሸከሙት ብሮንዞች አንዱ ብቻ ቢበላ በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፤ የታጠፈ ብረት ደግሞ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ይህን በዓይን አታየውም። በኮሎው ሁለት ክንዶች መካከል መለኪያ ትሰካለህ፣ ሞተሩን ቀስ አድርገህ ታዞራለህ፣ ክፍተቱ ስንት መቶኛ ሚሊሜትር እንደሰፋና እንደጠበበ ትጽፋለህ። አንድ ዙር አምስት ንባብ አለው፤ ታች ላይ ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው በትር፣ ቢየላው፣ መለኪያውን ስለሚከለክል ከግራና ከቀኙ ሁለት ይወሰዳል።

እዚህ ላይ የራሴን ላጫውትህ። አሰብ ወደብ ቆመን መርማሪ ይመጣል ተባለና ሌሊቱን ኮሎው ሥር ተኝቼ ለካሁ። ሸሚዜ ዘይት ጠጥቶ፣ አምፖሉ ፊቴን እየለበለበኝ፣ ቁጥሮቹን አሳምሬ ጻፍኩ። መርማሪው ወረቀቱን አየና ስለ ሞተሩ አንድ ቃል ሳይናገር «ስትለካ የፊቱ ጎተራ ተጭኖ ነበር?» አለኝ። ተጭኖ ነበር፤ የኋላው ባዶ ነበር። መርከብ አንድ ወገን ሲከብዳት ትጎብጣለች፣ ሞተሩ የተቀመጠበት ወለልም አብሮ ይጎብጣል። እኔ የለካሁት የመርከቧን ጉብጠት እንጂ የብሮንዙን መበላት አልነበረም። ሞተሩም ገና አልበረደም ነበር። ጭነቱ ሲስተካከል እንደገና ገባሁ።

ፒስተን፣ ካሚቻ (የሲሊንደሩ የውስጥ ልባስ)፣ ቴስታታ (የሲሊንደሩ ራስ) ለአንተ አዲስ አይደሉም፤ ስንጥቅና መበላት መፈለግ ነው፣ አልፈዋለሁ። የሞተሩን ክዳን በሚመለከት ግን አንድ ነገር ያዝ። ኮሎው በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ ዘይት እየተረጨበት ይዞራል፤ አንድ ክፍል ከመጠን በላይ ከጋለ ዘይቱ ተንኖ ይቀጣጠላል። «ሬይና ዴል ፓሲፊኮ» በተባለች ባለናፍጣ መርከብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1947 በሙከራ ጉዞ የደረሰው ይኸው ነው፤ 28 ሰው ሞተ። መርማሪ ቢቸኩልህም የጋለ ሞተር ክዳን አትክፈትለት፤ መጀመሪያ ይብረድ።

ያቺ የአሰብ ደብተር አሁንም አለችኝ። አምስቱ የንባብ ዓምዶች በቀይ ተሰርዘዋል፤ ከጎናቸው በመርማሪው እጅ «ጭነት?» ተብሎ ተጽፏል።