ጢሱ ማታ ለምን ከተማ ገባ?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ በአዴት መንገድ በኩል ቀን የተነሣ የሣር ቃጠሎ ነው። ጢስ በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ በሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴል፣ በሃይስፕሊት ላይ ራን ስታደርጊው (ስታስኬጂው) ጢሱ ወደ ደቡብ ሄዶ፣ ባሕር ዳርን ሳይነካ ይጠፋል። አንቺ ግን ማታ 3 ሰዓት ላይ ጣና ዳር ቆመሽ ሸተተሽ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ ሞዴሉ?» ብለሻል።

አፍንጫሽን እመኚ። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት ልጄ በበጋ ማታ ማታ እያሳላት ስለተቸገርኩ ነው። ያኔም ሞዴሉ «ከተማው ንጹሕ ነው» ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ ሰዓቱን እዪ። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ የለፋሁት በዚህ ነው። እሳቱን የሚያየው ቪርስ የተባለው የሳተላይት መሣሪያ በኛ ሰማይ የሚያልፈው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የናሳ የእሳት መረጃ ድረ ገጽ፣ ፊርምስ፣ ግን 10:30 ብሎ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ይጽፈዋል። እኔ በእጅ ሰዓቴ 7:30 ብዬ አስገባሁት። ሞዴሉ የጠዋት 4 ሰዓት ተኩል አድርጎ ወሰደው፣ ጢሱም በጠዋት ነፋስ ሄደ። በኛ የቀን ሰዓት ላይ 3፣ በማታው ላይ 15 ደምሪበት፣ ዩቲሲውን ታገኛለሽ።

ያንቺ ዋና ችግር ግን ሌላ ይመስለኛል። ሞዴሉ ላይ ጢሱን የለቀቅሽው ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ ከ1,000 ሜትር ላይ ነው። ለነበልባሉ ያስኬዳል። እሳቱ ሲንቦገቦግ ሙቀቱ ጢሱን ሽቅብ ይገፋዋል፤ ቀን ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ደግሞ ወደ ደቡብ ይወስደዋል። ሣሩ ነድዶ ካለቀ በኋላስ? ጉቶው፣ ሥሩ፣ የደረቀው እበት እየጨሰ ያመሻል። እንዲህ እየታፈነ የሚጨስ ነገር በኪሎ ሲታሰብ ከነበልባሉ የበለጠ ብናኝ ያወጣል። ወደ ላይ የሚያወጣው ሙቀት ስለሌለው መሬት ለመሬት ይሳባል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ማታ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይገጥምበታል፣ ጢሱም ከሥር ታፍኖ ይቀራል። ከዚያ ነፋሱ ይገለበጣል። በአዴት በኩል ያለው ምድር ከፍ ያለ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር ከዚያ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። መንገዱ ላይ ያለችው ደግሞ ባሕር ዳር ናት። ይህን የነፋስ መገልበጥ የታንኳ ቀዛፊዎቹ ከማናችንም በላይ ያውቁታል፣ ሄደሽ ጠይቂያቸው።

ስለዚህ ጢሱን ሁለት ጊዜ ልቀቂው። አንዱ የቀኑ፣ ከፍ ብሎ። ሌላው ከምሽት እስከ ንጋት፣ ከ10 እስከ 50 ሜትር። ሃይስፕሊት ካልቀየርሽው በቀር ቁመቱን የሚቆጥረው ከመሬት ጀምሮ ነው፤ የባሕር ዳርን 1,800 ሜትር እንዳትደምሪበት።

ነፋሱንም አትርሺ። የምትጠቀሚበት ጂኤፍኤስ የተባለው የዓለም አየር ትንበያ መረጃ በነጥብና በነጥብ መካከል 28 ኪሎ ሜትር ገደማ አለው። ጣና ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሐይቁ በሁለት ሦስት ነጥብ ያልቃል። የሐይቁን ነፋስ በደንብ ለማየት ደብሊው-አር-ኤፍ የተባለውን የአካባቢ አየር ትንበያ ሞዴል በነጥቦች መካከል 3 ኪሎ ሜትር አድርጎ ማስኬድ ይሻላል። ግን የጣናን የውኃ ሙቀት ሳታዪ አትጀምሪ። መረጃው ውስጥ የሐይቁ ሙቀት ከሌለ፣ ከሩቅ ባሕር ወስዶ ሊሞላልሽ ይችላል፤ ያኔ ነፋሱ ሁሉ ይበላሻል።

የሸተተሽን ሰዓትና ቦታ ሳይረሳሽ ዛሬውኑ ጻፊው። እዚያ ሰፈር የአየር መለኪያ ከሌለ ውጤቱን የምታመሳክሪው በሱ ነው። የማታውን ራን ስትጨርሺ ካርታውን እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።