ያረጀ ቶርኖ ለእንጨት ማለስለሻ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቡሬ ሲሆን በግቢዬ ባለች ትንሽ ክፍል ከዋንዛ በርጩማና ጠረጴዛ እሠራለሁ። ከአጎቴ የወረስኩት አነስተኛ የብረት ቶርኖ (ብረት እያዞሩ የሚቀርጹበት ማሽን) አለኝ። ሐዲዱ (የመቁረጫው ጋሪ የሚመላለስበት ብረት) ቻኩ (ሥራውን ይዞ የሚያዞረው መንጋጋ) አጠገብ ስለተበላ ልኩን የጠበቀ ሥራ አይወጣውም፤ ሞተሩ ግን ደህና ነው። ክብ ጣውላ ቻኩ ላይ አስሬ፣ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፌ የበርጩማ እግር ጫፍ ላለሰልስበት አሰብኩ። የብረት ሥራ የሚያውቁ ጎረቤቴ «ማሽኑን ትገድለዋለህ» አሉኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንባቢ፣ ከቡሬ

መልስ፦ ጎረቤትዎ የተናገሩት ለደህና ቶርኖ እውነት ነው። ከብርጭቆ ወረቀቱ የሚረግፈው ደቃቅ ጠጠር ከብረት ይጠነክራል፤ ሐዲዱ ላይ ካለው ዘይት ጋር ሲቀላቀልም የሞተር ቫልቭ እንደሚፈጭበት ቅባት ሆኖ፣ ጋሪው በተመላለሰ ቁጥር ብረቱን ይበላዋል። የእንጨቱ ዱቄት በበኩሉ ዘይቱን ይመጥና፣ በተለይ በክረምት፣ እርጥበት ይዞ ያዝገዋል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክም የብረትና የእንጨት ሙያን ለየብቻ ያስተምር ስለነበር፣ የብረት ሰው ቶርኖ ላይ የእንጨት ብናኝ ሲያይ ቢቆጣ አይገርምም። የእርስዎ ሐዲድ ግን አስቀድሞ የተበላ በመሆኑ የሚያጡት ጥቂት ነው። መጠበቅ ያለባቸው ዋናውን ዘንግ የተሸከሙት ኩሽኔታዎች ናቸው።

ካሰቡት ውስጥ አንዱን ነገር አጥብቀን እንቃወማለን፤ እሱም ጣውላውን በራሱ በቻኩ ጥርሶች መያዝ ነው። እንጨት በጥርስ ሲጠበቅ ይጨመቃል፣ በሥራ ላይም ይላላል፤ የላላ ክብ ጣውላ ደግሞ ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ወፈር ካለ ላሜራ ክብ ፍላንጅ (ጣውላው የሚታሰርበት ዝርግ ብረት) አስቆርጠው፣ መሐሉ ላይ አጭር የብረት ዘንግ ያስበይዱ፤ ቻኩ የሚይዘው ይህን ዘንግ ይሆናል። ጣውላውን ከጀርባ በኩል በፍላንጁ ላይ በቪቴ ይሰሩት፤ የቪቴዎቹ ጫፍ በፊት በኩል ብቅ እንዳይል ርዝመታቸውን አስቀድመው ይለኩ። ለጣውላው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ ይበቃል፤ ዋንዛ ለዚህ ማባከን ነው፣ ደግሞም ይጣመማል።

ከዚያ በኋላ ቶርኖው ሌላ ማለስለሻ ማሽን የሌለው ጥቅም አለው። ጣውላውን ካሰሩ በኋላ በራሱ በማሽኑ መቁረጫ ፊቱንና ዙሪያውን ቆርጠው ልክ ያስይዙታል። ፊቱ ሲቆረጥ መቁረጫው የሚጓዘው በሐዲዱ ርዝመት ሳይሆን ወደ ጎን ስለሆነ የሐዲዱ መበላት ብዙም አያሳስብዎትም። ይህን ሲጨርሱ የመቁረጫውን መያዣ ያንሱና በቦታው ከአንጎላሬና ከጣውላ ጠረጴዛ ይግጠሙ፤ ከዲስኩ (የብርጭቆ ወረቀት ከሚለጠፍበት ክብ ጣውላ) ጋር ያለው ክፍተት ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ ጋሪውም ይቆለፍ።

ማሽኑ በተለመደው አቅጣጫ ሲዞር ወደ እርስዎ ያለው የዲስኩ ግማሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሥራዎን በዚህ በኩል ብቻ ያስጠጉ፣ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ይጫንልዎታልና። ማዶ ያለው ግማሽ ግን እንጨቱን ወደ ላይ ይነጥቃል። ቻኩ በዋናው ዘንግ ላይ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ማሽኑን ወደ ኋላ ማዞር ቻኩን ሊፈታው ስለሚችል ፈጽሞ አይሞክሩት። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ዲስክ በደቂቃ ከ1,000 እስከ 1,400 ዙር በቂ ነው፤ በ1,400 ዙር የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ 18 ሜትር ያህል ይጓዛል። የመሐሉ ፍጥነት ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ እንጨቱን ከመሐሉ ራቅ አድርገው ይያዙ።

ሐዲዱን በጨርቅ ሳይሆን በላሜራ ይሸፍኑ፤ ጨርቅ ዲስኩ ሊስበው ይችላል። በዚሁ ምክንያት ጓንት አድርገው ወይም ጋቢ ለብሰው አይሥሩ። የአፍንጫ መከለያና መነጽር ግን አይቅሩ። ሥራ ሲያበቃ ብናኙን በብሩሽ ጠርገው ሐዲዱን ዘይት ይቀቡት፤ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ብናኙን ወደ ኩሽኔታው ውስጥ ይከተዋል። በዚሁ ዲስክ ላይ ብረት አይሞርዱ፤ ብልጭታው የእንጨት ዱቄት ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ሊቀጣጠል ይችላል።

መብራት በየጊዜው የሚሄድ ከሆነ ማብሪያውን ይመርምሩ። ተራ ማብሪያ ከሆነ፣ ኃይሉ ሲመለስ ሰው ባያስበውም ማሽኑ ይነሣል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማስነሻና ማቆሚያ ቁልፍ ያለው ኮንታክተር ቢያስገባልዎት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደጠፋ ይቆያል።

ሥራው በሳምንት አንዴ ሁለቴ ከሆነ እንዲህ ይጠቀሙበት። በየቀኑ የሚያለሰልሱ ከሆነ ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ሞተሩን ፈትቶ ለብቻው ጠንካራ ወንበር ላይ ማሰርና ዲስኩን በቀጥታ በዘንጉ ላይ መግጠም ይሻላል። የሞተሩ ሰሌዳ ላይ 1,400 ገደማ ዙር ከተጻፈ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ የቀረውንም የቶርኖ አካል መለዋወጫ የሚፈልግ ቶርኖ ቤት ሊገዛዎት ይችላል።