ሁለት ባንድ ወጣ፤ የቱን ልመን? ስለ ኸርግ አንቲቦዲ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ተራው የኸርግ ነው። ኸርግ ልብ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ወደ ዕረፍቷ እንድትመለስ ፖታሺየምን ከሴሉ የሚያስወጣ ቻናል (ሴሉ ሽፋን ላይ ያለ የፕሮቲን በር) ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ይህን ፕሮቲን ለይቶ እንዲይዝልን የምንጠቀምበት ነው። ሲዘጋ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ቴርፌናዲን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት ከገበያ የወጣው በዚሁ ጣጣ ነው። በሉ ጠይቁ።

ጋሼ፣ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን ጄል ላይ በመጠን ለይቶ በአንቲቦዲ የሚያሳይ ሙከራ) ሠርቼ 135 እና 155 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ላይ ሁለት ባንድ፣ ማለትም ሁለት ሰረዝ፣ ወጣብኝ። አንቲቦዲው ተበላሽቶ ይሆን?

ኧረ ደስ ይበልህ! ሁለቱም ኸርግ ናቸው። የታችኛው ገና ያልበሰለው፣ ፕሮቲኑ በሚሠራበት የሴሉ ክፍል፣ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ውስጥ ያለው ነው። የላይኛው ጎልጂ የሚባለውን የፕሮቲን ማብሰያ ክፍል አልፎ፣ ተጨማሪ ስኳር ለብሶ የበሰለው ነው፤ ሴሉ ሽፋን ላይ የሚገኘውም እሱ ነው። ካላመንክ በሕይወት ያሉ ሴሎች ላይ ፕሮቲኔዝ ኬ የሚባለውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ጨምርና እየው። ኢንዛይሙ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ውጭ ያገኘውን ብቻ ይቆራርጣል። 155ቱ ይጠፋል፣ 135ቱ እዚያው ቁጭ ይላል። እኔ ከዚህ የሚያምር ብሎት አላውቅም። ኤን470ዲ የሚባለው ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ያለበት ኸርግ ደግሞ በ37 ዲግሪ በአብዛኛው ሳይበስል የታችኛው ባንድ ላይ ይቀራል። ሴሎቹን 27 ዲግሪ ላይ ስታሳድራቸው የላይኛው ባንድ ብቅ ይላል።

የኔ ጄል አናት ላይ ተጨማልቆ ቀረ። ናሙናውን 95 ዲግሪ አፍልቼው ነበር።

መልሱን ራስሽ ተናገርሽው፣ እህቴ። የሽፋን ፕሮቲን ሲፈላ እርስ በርሱ ይጣበቅና ጄሉ ውስጥ አልገባም ይላል። በ37 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ሞክሪው።

በአይጥ ልብ ላይ ከአይጥ የተገኘ ሞኖክሎናል (አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ) አንቲቦዲ ተጠቀምኩ። 50 ኪሎዳልተን ላይ ደማቅ ባንድ አለ፤ የተቆረጠ ኸርግ ነው?

ቸኩለህ እንዳትጽፈው! ሁለተኛው አንቲቦዲ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ይዞ ባንዱን የሚያሳየው፣ ሕብረ ሕዋሱ ውስጥ የነበረውን የአይጡን የራሱን አንቲቦዲ ይዞ ይሆናል። የዚያ አንቲቦዲ ትልቁ ቁራጭ፣ ከባድ ሰንሰለት የሚባለው፣ 50 ገደማ ነው። የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ሳትጨምር አንድ ብሎት ሥራ። ባንዱ ከወጣ ኸርግ አይደለም።

ሻጩ ፔፕታይዱን (አንቲቦዲው የሚይዘውን ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ) ስጨምር ባንዱ ስለጠፋ አንቲቦዲው ትክክል ነው አለኝ። ይበቃል?

አይበቃም። አንቲቦዲው ሌላ ፕሮቲን የሚይዘውም በዚያው እጁ ከሆነ፣ እጁ በፔፕታይዱ ሲያዝ ሁለቱንም ይለቃል። ስለዚህ የተሳሳተው ባንድም አብሮ ይጠፋል። እኔም አንድ ሰሞን በዚህ ተሸውጄ ወራት አቃጥያለሁ። የሚያሳምነኝ ጂኑ የጠፋበት ናሙና ነው። እሱ ከሌለ ሄክ293 የሚባሉትን፣ ላብራቶሪ ውስጥ የሚያድጉ የሰው ሴሎች ውሰድ። ግማሹ ላይ የኸርግን ጂን አስገባ፣ ግማሹ ላይ ባዶ ፕላዝሚድ (የኸርግ ጂን የሌለበት ጂን ማስገቢያ ዲኤንኤ)። ጎን ለጎን አስሩጣቸው። ባዶው መስመር ላይም ያው ባንድ ከታየህ ሌላ አንቲቦዲ ፈልግ።

ሴሎቹን ሳልገድል ማቅለም እችላለሁ?

አንቲቦዲው የሚይዘው የኸርግን የቱን ክፍል እንደሆነ ወረቀቱ ላይ እይ። ሲ-ተርሚነስ (የፕሮቲኑ መጨረሻ ጫፍ) ከሆነ ሴሉ ውስጥ ስለሆነ በሕይወት እያሉ አይሆንም። ሴሎቹን የሚያደርቅ ፎርማልዲሃይድና ሽፋናቸውን የሚበሳ ትራይተን ግድ ነው።

አንቲቦዲዬ ፍሪዘር ውስጥ እያለ ትናንት መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ አደረ። ልጣለው?

ፍሪዘሩን ካልከፈትሽው ምናልባት ምንም አልሆነም። አንቲቦዲን የሚጎዳው እየቀለጠ እየበረደ መመላለሱ ነው። ከድሮ ናሙና ጋር ሞክሪውና ባንዱ እንደ ድሮው ከሆነ ተጠቀሚበት። ቀጣዩን ግን ገና ሲመጣ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለሽ አስቀምጪ።