ለፋሲካ እንቁላል ቅጠል፣ ሻማና የሽንኩርት ልጣጭ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። በየዓመቱ ለፋሲካ እንቁላሉን የተገዛ ቀለም ውስጥ ነክሮ ማውጣት ሰልችቶሻል። ልጆችሽ 5 እና 9 ዓመታቸው ነው። ከቤት በሚገኝ ነገር የሚሠራ፣ ለየት ያለ ዘዴ ነው የፈለግሽው። እኔም ከልጆቼ ጋር ብዙ ዓመት ስለሠራሁት ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከሁሉም የምወደው በቅጠል የሚሠራውን ነው። ትንንሽና ስስ ቅጠል ሰብስቢ። የድንብላል ቅጠል በጣም ያምራል፤ ጠርዙ ቁርጥርጥ ስለሆነ ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ቅጠሉን ውሃ አስነክተሽ ጥሬው እንቁላል ላይ ለጥፊው። ከዚያ ያረጀ ስቶኪንግ ቆርጠሽ እንቁላሉን ውስጡ ክተቺና ከኋላ ወጥረሽ በክር እሰሪው። ዋናው ነገር ማጥበቁ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላላ አድርጌ አስሬ ቀለሙ ከቅጠሉ ሥር ገባ፤ አንድም ቅርጽ ሳይወጣልኝ ቀረ። በጣም ነበር የከፋኝ።

ለቀለሙ የቀይ ሽንኩርት ደረቅ ልጣጭ ይበቃል። ለ12 እንቁላል የ10 ወይም የ12 ሽንኩርት ልጣጭ ያስፈልግሻል። ልጣጩን ግማሽ ሰዓት ቀቅዪው፣ አቀዝቅዢው፣ አጥልዪው። 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሪበትና እንቁላሎቹን እዚያው ውስጥ 12 ደቂቃ ያህል ቀቅዪ። እንደ ልጣጩ ዓይነት ከብርቱካንማ እስከ ጠቆር ያለ ቡናማ ይሰጥሻል። ስቶኪንጉን ቆርጠሽ ቅጠሉን ስታነሺ ልጆቹ የሚሆኑትን ታያለሽ!

አቼቶውን ግን አታብዢው። የእንቁላል ቅርፊት አሲድ ሲነካው ይሟሟል። ትንሽ ሲሆን ቀለሙ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ሲበዛ አረፋ ይሠራና ቀለሙ ይላላጣል።

ሰማያዊ ከፈለግሽ ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፈሽ ቀቅዪ። ውሃው ሐምራዊ ነው፣ አቼቶ ሲገባበት ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ የተቀቀለው እንቁላል ግን ፍሪጅ ውስጥ እዚያው ሲያድር ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። የ9 ዓመቱ ልጅሽ ይሄን ማየት አለበት። ለቢጫ እርድ። ቀይ ስር ግን አልመክርሽም፤ ሲታይ ደማቅ ነው፣ እንቁላሉ ላይ ሲደርቅ ይደበዝዛል።

ለትልቁ ልጅ ሻማ ስጪው። ተቀቅሎ በቀዘቀዘ ነጭ እንቁላል ላይ በሻማ ቁራጭ የፈለገውን ይሣል፣ ከዚያ ቀለሙ ውስጥ ይንከረው። ሰሙ የነካው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዩክሬኖች ይሄንን ትልቅ ጥበብ አድርገውታል። ፒሳንካ ይሉታል፤ ስሙ «መጻፍ» ከሚለው ቃላቸው የመጣ ነው። በቀለጠ ሰም እየጻፉ ከፈዛዛው ቀለም ወደ ጥቁሩ ደጋግመው ይነክሩታል፤ በመጨረሻ ሻማ አጠገብ ይዘው ሰሙን አቅልጠው ሲጠርጉት ያ ሁሉ ቀለም አንድ ላይ ብቅ ይላል። ዩኔስኮም በ2024 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ትንሹን ከእሳቱና ከፈላ ውሃው አርቂው፣ ቅጠል መለጠፉ የእሱ ሥራ ይሁን። እንቁላል ላይ ላስቲክ ጠምጥሞ መንከርም ይችላል፤ ላስቲኩ ሲወልቅ መስመር መስመር ይወጣል።

ደግሞ ብዙ ቀለም ካልደረደርኩ ብለሽ አትጨነቂ። ግሪኮች በጸሎተ ሐሙስ የሚያቀልሙት ቀይ ነው፤ አንድ ሳህን ሙሉ ቀይ እንቁላል ዓይን ይሞላል። በደንብ ከደረቀ በኋላ በጨርቅ ትንሽ ዘይት ቀቢው፣ ያብለጨልጫል።

የሚበላ ከሆነ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አታቆይው፤ በሳምንት ውስጥም ብሉት።

በዓሉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል ብለሻል። ልጣጩን ከዛሬ ጀምረሽ አጠራቅሚ፤ በወረቀት ከረጢት ይሁን፣ በፌስታል ከሆነ ይሻግታል።