የዕቁቡ ገንዘብ ለሶፋ ወይስ ለመንገድ?

ጠያቂያችን ያቀረቡትን ጉዳይ እንደተረዳሁት፣ ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ባልና ሚስት ስትሆኑ፣ በዚህ ወር ዕቁብ ደርሷችሁ ባለቤትዎ ገንዘቡ ለሶፋና ለፍሪጅ ይዋል ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ ከተጋባችሁ ወዲህ ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ስለማታውቁ ሐረርን ማየት ይሻላል ባይ ነዎት። ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣና በጀሪካን እንደምታጠራቅሙም በመጨረሻ ጠቀስ አድርገው አልፈዋል። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይኸው በመጨረሻ የጠቀሱት ነው።

በ2011 ዓ.ም. እኔና ባለቤቴ አራት ኪሎ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ስንኖር በዚሁ ጥያቄ ተከራክረን፣ እኔ አሸንፌ በጥር ወር ወደ ሐረር ሄድን። የድሮው ባቡር ከመሀል ከተማ፣ ከለገሃር ይነሣ እንደነበር ከአባቴ ስሰማ ነው ያደግሁት፤ አዲሱን ለመያዝ ግን ገና ሳይነጋ በታክሲ እስከ ለቡ ጣቢያ መውረድ ነበረብን። ድሬዳዋ አድረን በማግስቱ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጣን፤ ጀጎል ውስጥም አራት ቀን ቆየን። በጉዞው የሚያስከፋ ነገር አልነበረም። ችግሩ የጀመረው ስንመለስ ነው። አቧራ የጠጣ ልብስ ሞልተን፣ ደክሞን፣ ሌሊት ቤታችን ገብተን ቧንቧውን ስከፍት አየር ብቻ አፏጨብኝ፤ ስድስቱም ጀሪካኖች ባዶ ነበሩ። ባለቤቴ የሻንጣውን ዚፕ መልሳ ዘጋችና፣ «ሐረር ጥሩ ነበር፤ አሁን ግን እግሬን የምታጠብበት ውሃ ፈልግልኝ» አለችኝ። ከጎረቤት አንድ ጀሪካን ለምኜ ካመጣሁ በኋላም መሀሉ በሰረጎደው ፍራሻችን ላይ ተኛንና፣ ጠዋት ወገቤን ይዤ ወደ ሥራ ሄድኩ። የአራቱ ቀን ዕረፍት በአንድ ሌሊት አለቀ።

ስለዚህ «ቤት» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየቀላቀልን እንዳይሆን እሰጋለሁ። በየቀኑ ጉልበትና እንቅልፍ የሚበላብን ጉድለት አለ፤ ለእንግዳ ዓይን ተብሎ የሚገዛ ዕቃም አለ። ሮቶ፣ ፍራሽ፣ ከመሶብ አልፎ ለሚተርፈው ምግብ የሚሆን ፍሪጅ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ እነዚህ ከጉዞም ይቀድማሉ። እኛ ከሐረር መልስ በመጀመሪያው ደመወዝ ፍራሽ፣ በሁለተኛው 500 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ገዛን። በነገራችን ላይ፣ ይህን ያህል ውሃ ብቻውን 500 ኪሎ ስለሚመዝን ባለሙያ ሳያዩና አከራይዎን ሳያስፈቅዱ በረንዳ ላይ እንዳያቆሙት።

ሶፋውን በተመለከተ የረዳን ጉዞው ራሱ ነው። ሐረር ውስጥ በእንግድነት የገባንበት የሐረሪ ቤት ሳሎን ውስጥ አንድም ወንበር አልነበረም። ነደባ የሚሏቸው፣ ከወለሉ ከፍ ዝቅ ብለው በየደረጃው የተሠሩ መደቦች ምንጣፍ ተነጥፎባቸው፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ተሞልቶ፣ ጫማችንን አውልቀን ተቀመጥን። ባለቤቴ ትራስ ተደግፋ እግሯን ከዘረጋች በኋላ ለመነሣት ፈቃደኛ አልሆነችም። ስንመለስ ሶፋ በመግዛት ፈንታ ለአናጢ ነግረን ሁለት ዝቅ ያሉ የእንጨት መደቦች አሠራን፤ በልካቸው የተቆረጠ ስፖንጅ አድርገን ጨርቅ አለበስናቸው። አሁንም የምንቀመጠው እነሱ ላይ ነው። በብሎን የተያያዙ ስለሆኑ ወደ ልደታ ስንዛወር ፈታተን በአንድ ፒካፕ ከነፍራሹ ጫንናቸው። የአክስቴ ነገር ግን እንዲህ አልሆነም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈራቸው ሲነሣ፣ በዘመናቸው የቤቱ ክብር የነበረው ትልቁ ቡፌ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ መታጠፊያ ላይ አልዞር ብሎ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተገፋና ከተጎተተ በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ ተሸጠ። ተከራይ ሰው በበርና በደረጃ የማያልፍ ዕቃ ባይገዛ ይመረጣል፤ ግድግዳ ላይ የሚመታ ቁም ሣጥን ደግሞ ለአከራይ የተሰጠ ስጦታ ነው።

ባለቤትዎ «ብንቆይ ዋጋው ይጨምራል» ማለታቸው ተገቢ ነው፤ በቀላሉ ሊታለፍም አይገባም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በቆየ ቁጥር እንደሚርቅ ሁላችንም በኪሳችን አይተነዋል፤ የዕቁብን ገንዘብ ባንክ አስቀምጦ ማሰላሰልም ራሱን የቻለ ኪሳራ ነው። በመሆኑም ፍሪጁን በዚህ ወር፣ መካከለኛውን እንጂ ትልቁን ሳይሆን፣ ከነስታቢላይዘሩ ግዙ፤ ሮቶውንም አብራችሁ። ሶፋው ይቅር። ለሶፋ የታሰበው ገንዘብ ለሁለት ሰው የሐረርን የደርሶ መልስ መጓጓዣና የጥቂት ቀናት አልጋ ይሸፍናል ብዬ እገምታለሁ። የማይበቃ ከሆነ በቡታጅራ መንገድ ወርዳችሁ ከአለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምንና ሰይፍ የተቀረጸባቸውን የጢያ ትክል ድንጋዮች በአንድ ቀን አይታችሁ ማታ ቤታችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ እኛ አንድ ጊዜ ከምሳ ዕቃችን ጋር ሄደን ያወጣነው የመኪና ኪራይና የመግቢያ ክፍያ ብቻ ነበር። ርቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ እዚያው ከሚኖር ሰው በስልክ አጣሩ።

የምትሄዱበትን ቀን ስትቆርጡ የፈረቃችሁን ቀን ተመልከቱ፤ ሮቶው ሞልቶ፣ ቧንቧው በደንብ ተዘግቶ፣ አልጋው ተነጥፎ ውጡ።