ረጅም ማለት ቶል ነው፣ ሎንግ ወይስ ሃይ?

የእንግሊዝኛ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱን ብዙዎቹ ደብዳቤዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ላይ አድርገናቸዋል። የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን የጻፍነው አነባበቡም አብሮ እንዲያዝ ብለን ነው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ስለ ቤተሰባችንና ስለ አካባቢያችን አንቀጽ እንድንጽፍ ታዘን «ማይ ሲስተር ኢዝ ሎንግ» ብዬ ብጽፍ በቀይ ተሰርዞ ተመለሰልኝ። «ጮቄ ኢዝ ቶል» ያልኩት ላይ ደግሞ «ሃይ ይሻላል» ተብሎ ተጽፎበታል። ሦስቱም ረጅም ማለት አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ ናቸው፤ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አማርኛ ሰውየውንም፣ ገመዱንም፣ ተራራውንም፣ ስብሰባውንም «ረጅም» ብሎ ይገላገላል። እንግሊዝኛ ግን መለኪያው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ አይቶ ነው ቃሉን የሚመርጠው።

ቶል ቆሞ ለሚታይ ነገር ነው፤ ከእግሩ እስከ አናቱ ሲለካ ቁመቱ ከጎኑ ስፋት ለሚበልጥ። ሰው፣ ዛፍ፣ ፎቅ፣ የመብራት ምሰሶ ቶል ናቸው። ሎንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው፤ ገመድ፣ መንገድ፣ ወንዝ፣ ጠረጴዛ፣ ቀሚስ ሎንግ ይባላሉ። ጊዜም እንዲሁ ከመነሻ እስከ መድረሻ ስለሚለካ ስብሰባው ሎንግ ነው። ሃይ ደግሞ ነገሩ ራሱ ምን ያህል እንደረዘመ ሳይሆን ከመሬት ወይም ከባሕር ጠለል ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይናገራል።

በደጃችሁ ያለውን ባሕር ዛፍ ተመልከቺ። ቆሞ ሳለ «ቶል ትሪ» ነው። ተቆርጦ፣ ቅርንጫፉ ተመልምሎ መሬት ላይ ሲጋደም ያው ግንድ «ሎንግ ፖል» ይሆናል። እንጨቱ አንድ ሴንቲ ሜትር አልጨመረም፤ የተለወጠው አቋሙ ነው። እህትሽም ቆማ የምትሄድ ሰው ስለሆነች «ማይ ሲስተር ኢዝ ቶል» ነው የሚባለው። ሎንግ ስትያት እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጆሮ ላይ ልክ እንደ ገመድ ተዘርግታ ትታያለች።

የሰውነት ክፍሎች ላይ ግን ሎንግ ይመለሳል። ፀጉር፣ አንገት፣ እግርና ጣት እያንዳንዳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚለኩ «ሺ ኢዝ ቶል» ባልሽበት አፍ «ሺ ሃዝ ሎንግ ሄር» ትያለሽ። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲመጡ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ሁለቱንም በአንድ ቃል ልጨርስ ሲል ነው።

ወደ ጮቄ እንምጣ። ደብረ ማርቆስ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ይህ ቁጥር የሚነሣው ከባሕር ጠለል እንጂ ከተራራው ግርጌ አይደለም። ለዚህ ነው ሃይ የሚሻለው። ቶል ማውንቴን የሚል እንግሊዛዊም አይጠፋም፤ መምህሩ «ይሻላል» ብሎ ማለፉ ልክ ነው። ሎንግ ካልሽው ግን ጫፉን ትተሽ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሰንሰለቱን መለካትሽ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀሽ ያዢ። ሰውን «ሂ ኢዝ ሃይ» አትበዪ። በዛሬው እንግሊዝኛ ሰውየው በአደንዛዥ ዕፅ ሰክሯል ማለት ነው። ስለ ቁመት ልታወሪ ብለሽ የሰው ስም ታጠፊያለሽ።

ተቃራኒዎቹም አብረው ይሄዳሉ። የቶልም የሎንግም ተቃራኒ ሾርት ነው። የሃይ ተቃራኒ ግን ሎው ነው። አጭር ሰው ሾርት፣ አጭር ቀሚስ ሾርት፤ አጭር አጥር ግን «ሎው ፌንስ»፣ ቡና የሚፈላበት ዱካም «ሎው ስቱል» ነው።

ጥያቄ፦ ከሞጣ ነው። «ከወንድሜ ረጅም ነኝ» ለማለት «አይ አም ቶል ዛን ማይ ብራዘር» ብል ጓደኞቼ ይስቁብኛል። «ሞር ቶል» ነው የሚባለው?

መልስ፦ ሁለቱም አይደሉም። አማርኛ ማበላለጡን «ከ» ላይ ይጭናል፤ «ረጅም» የሚለው ቃል ራሱ ምንም አይነካም። ስለዚህ ዛን ካስገባን የጨረስን ይመስለናል። እንግሊዝኛ ግን ዛን ብቻውን አይበቃውም፤ ቅጽሉም ጫፉ ላይ ምልክት ይፈልጋል፦ «አይ አም ቶለር ዛን ማይ ብራዘር»። ሎንግ ሎንገር፣ ሃይ ሃየር፣ ሾርት ሾርተር፣ ሎው ሎወር ይላሉ። ሞር የሚመጣው እንደ ኤክስፔንሲቭ ላሉ ረዘም ላሉ ቅጽሎች ነው። «ሞር ቶለር» ደግሞ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

የሚበልጡበትን መጠን ሲናገሩ ቁጥሩን ከፊት ያድርጉት፦ «አይ አም ቴን ሴንቲሜትርስ ቶለር ዛን ማይ ብራዘር»። በጣም ይበልጣል ለማለት «ቬሪ ቶለር» አይሆንም፤ «ማች ቶለር» ነው። ከሁሉም ሲበልጡ «ዘ ቶለስት»፤ «ዘ»ን አይርሱ።

ስለ አነባበብም ትንሽ። ሎንግ ሲባል የመጨረሻዋ «ግ» አትሰማም፤ ድምፁ አፍንጫ ላይ ያልቃል። ሎንገር ላይ ግን «ገ» ጥርት ብላ ትወጣለች። ቶልን «ታል» የሚሉም ብዙ ናቸው፤ በኤ ፊደል ስለሚጻፍ ነው የሚያሳስታቸው። እንደ ቦል እና ዎል አድርገው ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ። ስለ ጢስ ዓባይ፣ ስለ ጣና እና ስለ አዲሱ ድልድይ ቁጥር እየጠቀስኩ ስናገር ቅጽሉን የት እንደማስገባው ግራ ይገባኛል።

መልስ፦ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ከግስ በኋላ፦ መጀመሪያ ቁጥሩ፣ ቀጥሎ መለኪያው፣ መጨረሻ ላይ ቅጽሉ። ባሕር ዳር ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። «ዘ ብሪጅ ኢዝ 380 ሜትርስ ሎንግ ኤንድ 43 ሜትርስ ዋይድ» ይበሉ። «ሎንግ 380 ሜትርስ» ካሉ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ።

ሁለተኛው ከስም በፊት ነው፤ ጎብኚ ፊት ብዙ ሰው የሚደናቀፈውም እዚህ ላይ ነው። «ኤ 380-ሜትር-ሎንግ ብሪጅ» ሲባል ሜትር ላይ የብዙ ቁጥሩ «ስ» ይወድቃል፤ በጽሑፍም ሦስቱ ቃላት በሰረዝ ይያያዛሉ። «380-ሜትርስ-ሎንግ ብሪጅ» ስሕተት ነው። ምክንያቱም ቃላቱ ተጣምረው እንደ አንድ ቅጽል ስለሚሠሩ ነው፤ የእንግሊዝኛ ቅጽል ደግሞ ብዙ ቁጥር አያውቅም።

ፏፏቴው ከላይ ወደ ታች ቢወርድም የሚለካው በሃይ ነው። ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ስለሆነ «ዘ ፎልስ አር አባውት 40 ሜትርስ ሃይ» ይበሉ። ፎልስ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ኢዝ» አይከተለውም፤ «አር» ነው። የዓባይ ሸለቆ ግን ከአፋፉ ቁልቁል ስለሚለካ ዲፕ ነው፤ ሃይ አይባልም። ጣናም ላይ እንዲሁ፦ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ሎንግ፣ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ዋይድ፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነውና «14 ሜትርስ ዲፕ» ይሉታል። ጎብኚዎች ይህን ያህል ሰፊ ሐይቅ ጥልቀቱ ማነሱ ስለሚገርማቸው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ዓረፍተ ነገሩን አፍዎ ላይ ያኑሩት።

ታንኳ ስታሳዩም ተጠንቀቁ። ዳር ላይ የቆመው ደንገል ቶል ነው። ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ታንኳ ሲሆን ታንኳው ሎንግ ነው።

ጥያቄ፦ ዳንግላ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። በሕፃናት የዕድገት መከታተያ ላይ አንዱ ገጽ ሌንግዝ፣ ሌላው ሃይት ይላል። ልዩነቱ የቋንቋ ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ አለካኩም ይለያል። ሌንግዝ የሎንግ ስም ነው፣ ተጋድሞ የሚለካ። ሃይት ደግሞ ቆሞ የሚለካ ነው፤ ቶል ከራሱ የወጣ የተለመደ የመለኪያ ስም ስለሌለው ከሃይ ይዋሳል። በዓለም ጤና ድርጅት አሠራር ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በመለኪያ ሰሌዳ ላይ ተኝቶ ይለካል፤ መዝገቡ ላይ የሚገባውም ሌንግዝ ተብሎ ነው። ሁለት ዓመት ከሞላው ጀምሮ ቆሞ ይለካል፤ ያኔ ሃይት ይሆናል።

ቃሉን መሳት ቁጥሩንም ያስታል፤ አንድ ልጅ ተኝቶ ሲለካ ቆሞ ከሚለካው ትንሽ ይበልጣልና። ስለዚህ ሁለት ዓመት ያልሞላው አልተኛም ብሎ ቆሞ ከተለካ 0.7 ሴንቲ ሜትር ይደመርለታል። ሁለት ዓመት የሞላው መቆም አቅቶት ተኝቶ ከተለካ 0.7 ይቀነስበታል። 82.3 ሴንቲ ሜትር ቆሞ የተለካ የ20 ወር ልጅ 83.0 ተብሎ ይመዘገባል።

ሃይት የሚነበበው ከ«ላይት» ጋር ቤት እንዲመታ ሆኖ ነው። ክብደት የሚለው ዌይት በጽሑፍ ስለሚመሳሰለው «ሄይት» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አይባልም። እናትየዋን በእንግሊዝኛ የሚጠይቁበት አጋጣሚ ቢመጣ ለአዋቂ «ሃው ቶል አር ዩ?» ነው። «ሃው ሎንግ አር ዩ?» ካሉ ምን ያህል ይቆያሉ ለማለት ፈልገው ቃል የዋጡ ያስመስልብዎታል።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም የብረታ ብረትና አሉሚኒየም ሥራ አለን። በእንግሊዝኛ በመጣ ትእዛዝ ላይ «ሃይ ዊንዶው» እና «ቶል ዊንዶው» የሚሉ ሁለት ዓይነት መስኮቶች አሉ። አንድ ናቸው ብለን እንሥራ?

መልስ፦ እንዳትሠሩ። ቶል ዊንዶው ራሱ ረጅም የሆነ መስኮት ነው፤ ከታች ጠርዙ እስከ ላይ ጠርዙ የሚረዝም። ሃይ ዊንዶው ግን ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የሚገባ ነው፤ እንደ መታጠቢያ ቤትና መጋዘን መስኮት፤ ፍሬሙ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ለቶሉ የፍሬሙን ቁመት፣ ለሃዩ ደግሞ ከወለሉ እስከ መስኮቱ የታች ጠርዝ ያለውን ጭምር ጠይቁ። መደርደሪያም ላይ እንዲሁ ነው፤ «ሃይ ሼልፍ» ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነው።

መጠኑ «120 በ150» ተብሎ ብቻ ከመጣ አትቁረጡ። የትኛው ዊድዝ፣ የትኛው ሃይት እንደሆነ ከየቁጥሩ ጎን ይጻፍላችሁ። ሁሉም አገር ስፋቱን አያስቀድምም፤ ከተገለበጠ ፍሬሙ ቀዳዳው ውስጥ አይገባም። ቁም ሣጥን ላይ ዴፕዝ የሚል ቁጥር ካያችሁ ከፊት በሩ እስከ ጀርባው ያለው ነው።

ጥያቄ፦ ቡሬ የበርበሬ ነጋዴ ነኝ። ለውጭ ገዢ ስጽፍ «ዘ ፕራይስ ኢዝ ኤክስፔንሲቭ» ብዬ ነበር። ደግሞም «ከፍተኛ» የሚለውን ሁሉ ሃይ እያልኩ እጽፋለሁ፤ ያስኬዳል?

መልስ፦ ውድ የሚሆነው ዕቃው ነው፤ ዋጋው ይወጣል ይወርዳል እንጂ ውድ አይባልም። «ዘ ፕራይስ ኢዝ ሃይ»፣ ወይም «ዘ በርበሬ ኢዝ ኤክስፔንሲቭ» ይበሉ።

ከፍተኛን ሁሉ ሃይ ማለት ግን አያስኬድም። ዋጋ፣ ሙቀት፣ ፍጥነት፣ የደም ግፊትና ጥራት ሃይ ይቀበላሉ፤ በልኬት ከፍ ዝቅ የሚሉ ናቸው። የክረምቱ ከፍተኛ ዝናብ ግን «ሄቪ ሬይን» ነው። ከፍተኛ ችግር «ሲሪየስ ፕሮብሌም»፤ «ሃይ ፕሮብሌም» የሚለው በየማመልከቻው የምናየው እንግሊዝኛ ውስጥ የለም። ከፍተኛ ትምህርት «ሃየር ኤዱኬሽን» ነው፤ «ር» ስትቀር ትርጉሙ ይፈርሳል። ከፍተኛ ድምፅ ደግሞ «ላውድ ቮይስ»፤ «ሃይ ቮይስ» ብለው ከጻፉ የሚረዱት ቀጭን ድምፅ ነው።

ጥያቄ፦ ከቢቸና። አሞራው ከፍ ብሎ በረረ ለማለት ግሱን የሚገልጽ ስለሆነ «ፍሉ ሃይሊ» አይባልም?

መልስ፦ አይባልም፤ «ፍሉ ሃይ» ነው። ሃይ ያለ «ሊ» ተውሳከ ግስ ይሆናል። ሃይሊ «እጅግ» እንደማለት ነው፤ የሚያገለግለውም እንደ «ሃይሊ ኤዱኬትድ» ባሉት ላይ ነው። ሎንግም «ሊ» አይወስድም፦ «ዲድ ዩ ዌይት ሎንግ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አዎ ብዙ ጠበቅሁ ሲሉ ግን «አይ ዌይትድ ፎር ኤ ሎንግ ታይም» ነው የሚቀናው።