የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የማስታወቂያ ኤጀንቱን መመሪያ እንዴት እንመርምር?

ጥያቄ፦ ቡሬ ላይ በርበሬ አስፈጭቼ በጉግልና በፌስቡክ ማስታወቂያ ለአዲስ አበባ ደንበኞች እሸጣለሁ። በጀት የሚጨምር፣ የሚቀንስ፣ ዘመቻ የሚከፍት የኤአይ ኤጀንት (በራሱ ትእዛዝ የሚፈጽም ፕሮግራም) አገኘሁ፤ ኤጀንቱ እያነበበ የሚሠራበት መመሪያ ግን 40 ገጽ ነው። ከየት ልጀምር? ምን ሳጣበት ልተወው?

መልስ፦ መግቢያውን ይዝለሉት፤ መግቢያ ሁልጊዜ ያማረ ነው። በቀጥታ ገንዘብ የሚነካውን ገጽ ይክፈቱና በጀት በምን መለኪያ እንደሚጻፍ ይፈልጉ። የጉግል ማስታወቂያ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ለጉግል ትእዛዝ የሚልኩበት በር) ገንዘብ የሚቀበለው በማይክሮ ነው፤ በብር ቢሰላ 1 ብር 1,000,000 ማይክሮ ነው። የቀን 500 ብር የሚላከው 500,000,000 ተብሎ ነው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ደግሞ በዶላር አካውንት ላይ በሳንቲም ይቆጥራል፤ 10 ዶላር 1000 ተብሎ ይጻፋል። ኤጀንቱ ትእዛዝ የሚልክበት፣ ሁለቱንም የሚነዳ መሣሪያ ሒሳቡን ማን እንደሚቀይረው፣ ኤጀንቱ ይሁን ራሱ መሣሪያው፣ በቁጥር ምሳሌ ማሳየት አለበት። «በጀት፦ ቁጥር» ብሎ ካለፈው ኤጀንቱ ይገምታል። ሳንቲም መስሎት 1000 ሲጽፍ መሣሪያው የሚቀበለው ዶላር ከሆነ 1000 ዶላር አዘዘ ማለት ነው። ተቃራኒው ያን ያህል አያሰጋም፤ ጉግል 500 ማይክሮ ቢላክለት ስህተት ብሎ ይመልሰዋል።

የቀን በጀት ጣሪያ እንዳልሆነም መጻፉን ይዩ። ጉግል በአንድ ቀን እስከ እጥፉ ሊያወጣ ይችላል፤ በወሩ ግን ከቀን በጀቱ 30.4 እጥፍ በላይ አያስከፍልም። ይህ ያልተነገረው ኤጀንት ረቡዕ 900 ብር ወጥቶ ሲያይ ዘመቻውን ያቆማል፣ ሐሙስ ይከፍተዋል፣ ዓርብ እንደገና ያቆመዋል።

ከዚያ የፈቃዱን ገጽ ያንብቡ። የጉግል ማስታወቂያ ኤፒአይ ያለው የፈቃድ ወሰን አንድ ብቻ ነው፤ ለንባብ ብቻ ተብሎ የተለየ የለውም። ስለዚህ «ሪፖርት ብቻ ነው የምናነበው» ቢባሉም፣ በዋናው ኢሜይልዎ ካገናኙት የሰጡት ቁልፍ መለወጥም ያስችላል። መፍትሔው ሌላ ኢሜይል ከፍቶ፣ በማስታወቂያ አካውንቱ ውስጥ «ንባብ ብቻ» የሚለውን ደረጃ ሰጥቶ፣ በእሱ ማገናኘት ነው። ሜታ ላይ ፈቃዱ ሁለት ስለሆነ የማንበቢያውን ብቻ መስጠት ይቻላል። ሁለት ሳምንት በዚህ ያቆዩት።

ልተወው የሚያሰኝዎ ግን ይኸኛው ይሁን፦ ኔትወርክ መሐል ላይ ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርግ ካልጻፈ። ኤጀንቱ «ዘመቻ ፍጠር» ብሎ ልኮ መልሱ ሳይደርሰው ከቀረ ደግሞ ይልካል። ጉግል በሥራ ላይ ባለ ዘመቻ ስም ሁለተኛ ዘመቻ አይቀበልም፤ ሜታ ግን ይቀበላል። መንታ ዘመቻ፣ መንታ ወጪ። ጥሩ መመሪያ «ደግመህ ከመላክህ በፊት ዝርዝሩን አይተህ አረጋግጥ» የሚል ትእዛዝ አለው። ኔትወርኩ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ለእርስዎ አንነግርዎትም።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። መመሪያው «አማርኛ ይደግፋል» ይላል። በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ በሁለት ዓረፍተ ነገር። አንደኛው «የበዓሉን ማስታወቂያ አጥፋው» ነው። በእኛ አፍ መብራትም ይጠፋል፣ ፋይልም ይጠፋል። ጉግል ላይ ግን ባለበት የቆመ ዘመቻ ተመልሶ ይከፈታል፤ የተወገደ ዘመቻ አይመለስም፣ እንደ አዲስ መሥራት ነው። ሰምና ወርቅ መለየት ለጎጃም ሰው ጨዋታ ነው፤ ለኤጀንቱ ግን መመሪያው ውስጥ «አጥፋ ሲባል አቁም ማለት ነው፤ ለማስወገድ ሁለተኛ ማረጋገጫ ጠይቅ» ተብሎ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው «ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 2 ሰዓት አሳይ» ነው። ትክክለኛው መልስ ከ08:00 እስከ 20:00 ነው። 02:00 ብሎ ከመዘገበው የእንግዶች ስልክ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጮኻል። ማስታወቂያው የሚታየው በአካውንቱ የሰዓት ክልል ስለሆነ እሱም ከአዲስ አበባ ሰዓት ጋር አንድ መሆኑን ይዩ።

የጽሑፍ ርዝመት ገደቡንም ያንብቡ። በፊደል ብዛት ከሆነ ጥሩ፤ በባይት (ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት መለኪያ) ከሆነ ግን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 300 ባይት የሚይዘው 100 ፊደል ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ተቆርጦ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ መመሪያው ጥሩ መሆኑን ራሱን ኤጀንቱን ብጠይቀውስ? (ከሞጣ)

መልስ፦ «ጥሩ ነው ወይ?» ካሉት ጥሩ ነው ይላል። ይልቅ ይፈትኑት። መመሪያውን ብቻ ሰጥተው 10 ጥያቄ ያቅርቡለት፦ በጀት ወደ 300 ብር ለማውረድ የትኛውን ትእዛዝ፣ በምን ቁጥር ትልካለህ? ስህተት ከመጣ ምን ታደርጋለህ? ከአሥሩ ሁለቱ መልሳቸው መመሪያው ውስጥ የሌለ ይሁኑ። እዚያ ላይ «አልተጻፈም» ማለት አለበት፤ መልስ ከፈጠረ ነገ ዘመቻዎ ላይም ይፈጥራል። ያንኑ ፈተና በአዲስ ውይይት ሦስት ጊዜ ይድገሙ። ሦስት ጊዜ ሦስት ዓይነት መልስ ካገኙ አንቀጹ ድፍን ነው። ትእዛዞቹን ለመሞከር ደግሞ ጉግልም ሜታም ጥያቄው ልክ መሆኑን ብቻ አይተው ሳይፈጽሙ የሚመልሱበት አማራጭ አላቸው። መሣሪያው ይህን ካላቀረበ በቆመ ዘመቻ ላይ ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ በመመሪያው መሠረት ጉግል ላይ የራሴን ፕሮጀክት (ኤጀንቱ ፈቃድ የሚያገኝበትን መዝገብ) ከፍቼ አገናኘሁት፤ በየሳምንቱ ግን ፈቃድ አልቋል ይላል። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ፕሮጀክቱ «በሙከራ» (Testing) ሁኔታ ላይ ስለሆነ ነው፤ በዚያ ሁኔታ የተሰጠ ማደሻ ቶክን (ፈቃዱን የሚያድሰው ቁልፍ) በ7 ቀን ይሞታል። በፈቃድ ማያው ቅንብር ውስጥ ሁኔታውን ወደ «ምርት» (In production) ይለውጡና እንደገና ይፍቀዱ፤ አሮጌው ቶክን አብሮ አይታደስም። «ጉግል ይህን መተግበሪያ አላረጋገጠም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ፕሮጀክቱ የራስዎ ስለሆነ ማለፍ ይችላሉ። መመሪያው ይህን ካልጻፈ፣ ጸሐፊው የራሱን ደረጃዎች ተከትሎ ከሳምንት በላይ አልሠራባቸውም ብለን እንጠረጥራለን። የተጻፈበትን የኤፒአይ ቅጂ (ቨርሽን) ቁጥርም ይመልከቱ፤ ጉግል አሮጌ ቅጂዎችን በየጊዜው ይዘጋል፣ በተዘጋ ቅጂ የተላከ ትእዛዝ ደግሞ ሁሉ ይወድቃል።